የመዝገብ ዛፍ ቅርንጫፉ በተዛወረ ጊዜ

ማናቸውም መንግሥት ሕዝቡን በደኅና ለማስተዳደር የሚችለው፥ አስቀድሞ አገሩን ከፍሎና ደልድሎ ያወቀ እንደ ሆነ ነው። አገሩ በክፍል፥ ክፍሉም በንኡስ ክፍል ካልተደለደለ፥ ግብሩ ከወዴት እንደ መጣ፥ መድኃኒቱ ወዴት እንደ ሄደ፥ ትምህርት ቤቱም በየትኛው ወረዳ እንደ ተሠራ ለይቶ መናገር የሚችል ጸሐፊ አይገኝም። ይህንም የአከፋፈል ሥርዓት ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚጠብቀው የወረቀት መዝገብ ብቻ አይደለም፤ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተርም ይህን የመሰለውን ነገር የሚያኖረው በዛፍ አምሳል ስለ ሆነ፥ የዛፉ አተካከል ምን እንደ ሆነ፥ ቅርንጫፉም ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው በተዛወረ ጊዜ መዝገቡን ምን እንደሚያገኘው፥ ለሹማምንትም ለካህናትም ማስረዳት የሚገባ ሆኖ አገኘነው። ነገሩ ሲሰሙት የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም።

ግልጥ እንዲሆን አንዲት ከተማ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፥ በመቂ፥ ዛሬ ባቱ በምትባለው በዝዋይና በአርሲ ነገሌ በኩል አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ፥ ሻሸመኔ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ኩየራን ያገኛል። ኩየራ በአድቬንቲስት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ምክንያት ስሟ ከሰባ ዓመት በላይ የታወቀ ከተማ ናት። ከቆመችበት ስፍራ አንድ ክንድ ያህል እንኳ አልተነቃነቀችም። ነገር ግን በመንግሥት መዝገብ የተጻፈችበትን ቅርንጫፍ የመረመርን እንደ ሆነ፥ ከተማይቱ መንገደኛ ትመስላለች። በጠቅላይ ግዛትና በክፍለ ሀገር ዘመን፥ ሻሸመኔና አካባቢዋ በሸዋ፥ በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 7 የክልል መስተዳድሮች ከቆሙ በኋላ ወደ ኦሮሚያ ገቡ፤ በኦሮሚያም ውስጥ በምሥራቅ ሸዋ ዞን ተመደቡ፤ በጥቅምት 1987 ዓ.ም. የተደረገውም የሕዝብ ቈጠራ በዚሁ ዞን ጻፋቸው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከምሥራቅ ሸዋ፥ ከአርሲና ከባሌ ወረዳዎች ተወስደው መቀመጫው ሻሸመኔ የሆነ ምዕራብ አርሲ የሚባል ዞን ቆመ፤ በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ሦስተኛው ቈጠራም ይህን ዞን ራሱን አስችሎ፥ ሁለት ሚሊዮን ከሚጠጋ ሕዝቡ ጋራ ቈጠረው። እንግዲህ በኩየራ የተወለደ አንድ ሰው፥ ከቤቱ ሳይወጣ፥ ጠጕሩ ሳይሸብት ሦስት አድራሻ ተፈራረቀበት ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ዘመን ብዙ ጕዳት አልነበረበትም። የ1987ቱ መጽሐፍ በመደርደሪያው ላይ እንደ ተቀመጠ ይኖራል፤ የ1999ኙም እንዲሁ። «በ1987 ዓ.ም. በምዕራብ አርሲ ዞን ስንት ሕዝብ ነበረ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጽሐፉን ቢገልጥ፥ እንዲህ ያለ ዞን አያገኝምና ነገሩን ራሱ ወረዳ በወረዳ ደምሮ ለማወቅ ይገደዳል። መጽሐፉ ዝም በማለቱ ጠያቂውን ያስጠነቅቀዋል። ኮምፒዩተር ግን ዝም አይልም። አተካከሉ በቸልታ የተደረገ እንደ ሆነ፥ ወይ ባዶ ቍጥር ይሰጣል፥ ወይም የዛሬውን ዛፍ በድሮው ዘመን ላይ አልብሶ ያንን ዞን በ1987 ዓ.ም. እንደ ነበረ አድርጎ ያወራል። ምሥራቅ ሸዋንም ሁለቱን ቈጠራ ብቻ አቀራርቦ የሚመለከት ሰው፥ ቸነፈር የገባበትና ሕዝቡ ያለቀ ሊመስለው ይችላል። መዝገቡ ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን እውነትም አልተናገረም።

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ። ኮምፒዩተር ሠሪዎች ዛፍ ብለው የሚጠሩት፥ እውነተኛውን ዛፍ ገልብጦ የተከለ ነገር ነው፤ ሥሩ ወደ ላይ፥ ቅጠሉ ወደ ታች ነው። ከላይ አንድ ሥር አለ፤ ከሥሩ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ከእነዚያም ሌሎች ቅርንጫፎች፥ እስከ ቅጠሉ ድረስ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ከሥሩ በቀር ማናቸውም አንጓ አንድ አባት አለው፥ ከአንድ በላይም ሊኖረው አይችልም። ልጆቹ ግን ስንትም ቢሆኑ አይከለከልም። ከዚህ ከአንዱ ሕግ ብዙ ጥቅም ይገኛል። ከማናቸውም ቅጠል ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው መንገዱ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ሳይሳሳት ከሥሩ ይደርሳል፤ ከታች ወደ ላይ ድምር የሚሰበስብም ሰው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አይቈጥርም።

ይህ ሐሳብ በኮምፒዩተር ዓለም የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960ዎቹ አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ፥ ሰውን ወደ ጨረቃ ለመላክ ለተደከመበት ለአፖሎ ሥራ እጅግ ብዙ የሆኑትን የመንኰራኩር ክፍሎች ዝርዝር የሚጠብቅ አይ ኤም ኤስ የተባለ ሶፍትዌር ሲሠራ፥ ሁሉን በዛፍ አደራጀው፤ ትልቁ ክፍል አባት፥ በውስጡ ያሉት ትንንሾቹ ልጆች ሆኑ። በዚያው ዘመን መልቲክስ የተባለው ሥራ ጽሑፎችን በማኅደር ውስጥ፥ ማኅደሩንም በሌላ ማኅደር ውስጥ የማስቀመጥን ልማድ አመጣ፤ ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ በኮምፒዩተር ላይ የምናየው የማኅደር አከፋፈል የዚያ ዘር ነው። በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለው ሊቅ ግን መረጃ በዛፍ ብቻ መታሰር የለበትም፥ በሠንጠረዥ ይቀመጥ ብሎ ጻፈ፤ ሐሳቡም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ዛፉን በሠንጠረዥ ውስጥ እንዴት አድርጎ መጻፍ ይቻላል የሚል ሆነ።

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አራቱ የታወቁ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ግን አንዳቸውም እንግዳ አይሆኑበትም። ሐረገ ትውልድ መቍጠር ማለት ዛፍ መጻፍ ነውና። የማቴዎስ ወንጌል ከአብርሃም ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትውልዱንም ሦስት ጊዜ 14 ብሎ ይከፍለዋል። ሉቃስ ግን ከዮሴፍ ተነሥቶ እያንዳንዱን ልጅ ከአባቱ ጋራ እያያያዘ ወደ ላይ ይወጣል፥ እስከ አዳምም ይደርሳል። (የሁለቱን ዝርዝር ልዩነት ሊቃውንቱ በትርጓሜያቸው ስላብራሩት ወደዚያ አንገባም።) የሉቃስ መንገድ ከአራቱ የመዝገብ መንገዶች የመጀመሪያውን ይመስላል፤ በእያንዳንዱ መስመር ልጁና አባቱ ብቻ ይጻፋሉ። «ኩየራ፤ አባቷ ሻሸመኔ። ሻሸመኔ፤ አባቷ ምዕራብ አርሲ።» ይህ አጭርና ንጹሕ ነው፤ ቅርንጫፍ በተዛወረም ጊዜ የሚታረመው አንድ መስመር ብቻ ነው። ችግሩ ግን ቅድመ አያቱን ለማወቅ አባቱን፥ ቀጥሎም የአባቱን አባት እየጠየቁ መውጣት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ለኢትዮጵያዊ ከሁሉ ይልቅ የተለመደ ነው፤ ስማችን ራሱ በዚሁ የተሠራ ነውና። የቤተ ዘመድ ስም የለንም፤ ሰው ስሙን ከነአባቱ፥ ሲያስፈልግም ከነአያቱ ይጠራል። የአርሲ ኦሮሞ ሽማግሌዎችም ሕዝባቸውን ሲኮና መንዶ ብለው በሁለት ታላላቅ ቅርንጫፍ ይከፍሉታል፤ ሲኮን አምስት፥ መንዶን ሰባት አድርገው ይቈጥራሉ፤ ልጅም የአባቶቹን ስም እየቀጠለ ወደ ላይ መቍጠርን ይማራል። ብራናና ቀለም ሳይኖር ዛፉ ሁሉ በቃል ተጠብቆ ኖረ። በኮምፒዩተርም እንዲሁ በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሙሉ መንገዱ ይጻፍበታል፤ «ኢትዮጵያ፥ ኦሮሚያ፥ ምዕራብ አርሲ፥ ሻሸመኔ፥ ኩየራ» ተብሎ። ይህን ያነበበ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ሁሉን ያውቃል። ነገር ግን ከላይ ያለው አንዱ ስም በተለወጠ ጊዜ ከሥሩ ያለው ዘር ሁሉ ስሙን እንደገና ማስጻፍ አለበት።

ሦስተኛው የመጽሐፍ ገጽ አምሳል ነው። አንድ ክፍል ከገጽ 10 እስከ ገጽ 90 ቢሆን፥ ከ12 እስከ 30 ያለው ምዕራፍ በውስጡ እንዳለ ቍጥሩን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ጆ ሴልኮ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ያስፋፋው ይህ መንገድ ለማንበብ ፈጣን ነው፤ በመካከል አንድ ቅጠል ለማስገባት ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ገጽ ሁሉ እንደገና መቍጠር ስለሚያስፈልግ፥ ወረዳና ዞን በየጊዜው ለሚከፈልበት አገር አይስማማም። በአራተኛው መንገድ እያንዳንዱ አባትና ከእርሱ የወረደው ዘር ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሌላ ሠንጠረዥ ይመዘገባሉ፤ ስፍራ ይፈጃል፥ ነገር ግን ስፍራ ዛሬ ርካሽ ነው።

የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር የሠሪዎቹ ፈንታ ነው። ለሹም የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም «ይህ ዛፍ ትናንትን ያስታውሳልን?» የሚል ነው። ከአራቱ መንገዶች አንዱ እንኳ በራሱ ትናንትን አያስታውስም። ሁሉም የዛሬውን አባት ብቻ ያውቃሉ።

ለዚህ ትልቁ ምሳሌ በጤና ጥበቃ ሥራ ይገኛል። የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአገሩን የጤና ሪፖርት የሚሰበስበው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 በሚባል ሶፍትዌር ነው። ይህም ሶፍትዌር መነሻው ከደቡብ አፍሪካ ሆኖ በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራ፥ በብዙ አገሮችም ጤና ሚኒስቴሮች የተያዘ፥ ማንም ያለ ዋጋ ሊወስደው የተፈቀደ ነው። ገጹን የከፈተ ሰው ዛፉን በግራ በኩል ያየዋል፤ ከላይ ኢትዮጵያ፥ ከሥሯ ክልሎች፥ ቀጥሎ ዞኖች፥ ወረዳዎች፥ ጤና ጣቢያዎች፥ በመጨረሻም ጤና ኬላዎች ናቸው። በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ጤና ኬላዎችን እንዲመራ፥ አንዱም ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ስለ ሆነ፥ የዛፉ ቅጠል እጅግ ብዙ ነው። በአንዲት ኬላ የተከተበ ሕፃን ቍጥሩ ከቅጠል ወደ ቅርንጫፍ፥ ከቅርንጫፍ ወደ ግንድ እየተደመረ እስከ ሚኒስቴሩ ይወጣል። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ የወረቀት ሪፖርት በመኪና ተጭኖ ሲመላለስ የነበረበትን ዘመን የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይክድም።

ነገር ግን ይህ ዛፍ ለእያንዳንዱ አንጓ የመክፈቻና የመዝጊያ ቀን ይቀበላል እንጂ የአባትነቱን ቀን አይቀበልም። አንድ ጤና ጣቢያ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወር፥ የወደፊቱ ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ያለፈው ዓመት ሪፖርት ሁሉ አብሮት ይዛወራል፤ ከዚያ በኋላ የአምናውን ድምር ያወጣ ሰው አምና ከወጣው ድምር የተለየ ቍጥር ያገኛል። ይህ እንዳይሆን የሚሻ ሠራተኛ አሮጌውን አንጓ ዘግቶ አዲስ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ያው ጤና ጣቢያ፥ ያው ግድግዳና ያው አዋላጅ ሳይለወጡ፥ በመዝገብ አንዱ ሞቶ ሌላ እንደ ተወለደ ይሆናል።

ጕዳቱ በምን ይታወቃል ቢባል በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። አንድ ወረዳ 4,000 ሕፃናት፥ ጎረቤቱ ደግሞ 3,000 ሕፃናት ነበሯቸው እንበል። 1,000 ሕፃናት ያሉባቸው ቀበሌዎች ከሁለተኛው ተወስደው ለመጀመሪያው ተጨመሩ። በዚያ ዓመት የመጀመሪያው ወረዳ 4,500፥ ሁለተኛው 1,800 ሕፃናት አስከተቡ። በአዲሱ ድልድል ሲታይ ሁለቱም ከመቶ 90 አድርሰዋል፤ ሥራቸው እኩል ነው። ነገር ግን የተከተቡት በአዲሱ ዛፍ ተደምረው የሕፃናቱ ብዛት ከአሮጌው ዛፍ የተወሰደ እንደ ሆነ፥ የመጀመሪያው ከመቶ 112 ተኩል አስከተበ ይባላል፥ ሁለተኛው ግን 60 ብቻ። አንደኛው ሹም ይመሰገናል፥ ሁለተኛው ይወቀሳል፤ ክትባቱም የሚላከው «ጕድለት» ወዳለበት ስለ ሆነ፥ ከሁለቱ በአንዱ ይተርፋል፥ በሌላው ይጐድላል። ከመቶ በላይ የሆነ የክትባት ውጤት በሪፖርት ላይ ሲታይ ብዙ ሰው የሚያስበው ጸሐፊው ዋሽቶ ነው ብሎ ነው። አንዳንድ ጊዜ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጸሐፊውን ከመክሰስ አስቀድሞ ሁለቱ ቍጥሮች ከአንድ ዛፍ የተለቀሙ መሆናቸውን መመርመር ይገባል።

ሌላም ከዚህ የባሰ ልማድ አለ፤ ይኸውም ለስፍራው የሚሰጠውን መለያ ቍጥር ከአባቱ ቍጥር ጋራ መስፋት ነው። የክልሉ ቍጥር ፊት፥ የዞኑ ቀጥሎ፥ የወረዳው ከኋላ ይጻፋል፤ ለምሳሌ በስታቲስቲክስ ቍጥር ኦሮሚያ 04፥ የደቡብ ክልል 07 ነበሩ። ቍጥሩን ያየ ሁሉ ስፍራውን ስለሚያውቅ ነገሩ ብልሃት ይመስላል። ዳሩ ግን በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ቆመ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀረው ለደቡብ ኢትዮጵያና ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተከፈለ። እንግዲህ በ07 የሚጀምር ቍጥር በትከሻው የተሸከመ ወረዳ፥ የሌለ አባት ስም እየጠራ ይኖራል፤ ቍጥሩ ቢለወጥለትም ከአሮጌው መዝገብ ጋራ የሚያገናኘው ገመድ ይበጠሳል። ኩየራን ከሐዋሳ የሚለየው መንገድ አጭር ስለ ሆነ፥ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በኦሮሚያም ውስጥ ቢሆን በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩት ከተሞች ተሰብስበው የሸገር ከተማ ሲባሉ፥ የቍጥር መዝገብ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ምን ያህል እንደ ደከመ መገመት አያስቸግርም።

መለያ ቍጥር እንደ ክርስትና ስም መሆን አለበት፤ ሰው አገር ቢለውጥ፥ ጌታ ቢለውጥ ከእርሱ ጋራ የሚኖር፥ ትርጕሙም ማንነቱ ብቻ የሆነ። ኩየራ አንድ ቍጥር ታግኝ፤ ያ ቍጥር ስለ ሸዋም ስለ አርሲም አንዳች አይናገር፤ ከቶም ለሌላ ስፍራ አይሰጥ። አባትነቱ ግን በሌላ መዝገብ ላይ፥ ከነዘመኑ ይጻፍ፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን አባቷ ይህ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ሆነ» ተብሎ። ይህ ከተደረገ ኮምፒዩተሩ የማንኛውንም ዘመን ዛፍ በተጠየቀ ጊዜ ያቆማል። የ1987ን ዛፍ ሲጠይቁት የ1987ን፥ የዛሬውን ሲጠይቁት የዛሬውን ያሳያል፤ የ1987ን ሕዝብ በዛሬው ድልድል አሳየኝ ቢሉትም ያሳያል፥ ነገር ግን እንዲህ ማድረጉን ከላይ ጽፎ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሁለት ዓምድ መጨመር ነው። ከባዱ ነገር ቀኑን የሚያስገባ ሰው እንዲኖር ማድረግ ነው።

ካህናትም ከዚህ ጕዳይ ውጭ እንዳይደሉ ማሳሰብ እንወዳለን። ጠቅላይ ቤተ ክህነት፥ ሀገረ ስብከት፥ ወረዳ ቤተ ክህነት፥ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚለው አወራረድ ራሱ ዛፍ ነው። ሀገረ ስብከት በተከፈለ ጊዜ ደብሩ ከነታቦቱ በስፍራው ይኖራል፤ የጥምቀቱና የጋብቻው መዝገብ ግን በአሮጌው ሀገረ ስብከት ስም የተጻፈ ነው። ዛሬ የአባቱን የጋብቻ ማስረጃ ሊፈልግ ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። አድባራት መዝገባቸውን ወደ ኮምፒዩተር በሚያስገቡበት ጊዜ ዛፉን ከነዘመኑ ቢተክሉት፥ በኋላ ዘመን የሚደርሰውን ብዙ ድካም ያስቀራሉ።

ስለ ዛፉ አቀማመጥ ይህን ያህል ከተናገርን፥ ስለ አቀራረቡም ጥቂት እንበል፤ በሚገባ የተቀመጠ መዝገብ በክፉ አቀራረብ ሲበላሽ አይተናልና። በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ዛፍ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ እየገባ በሚጻፍ ዝርዝር ነው፤ ከስሙ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲነኳት ልጆቹ ይገለጣሉ፥ ደግመው ሲነኳት ይከደናሉ። ይህ ለትንሽ ዛፍ መልካም ነው። ነገር ግን የወረዳ ጸሐፊ በየቀኑ የእርሱን ጤና ጣቢያ ለማግኘት ከኢትዮጵያ ተነሥቶ አምስት ጊዜ እየከፈተ እንዲወርድ ማስገደድ፥ ሰውን ወደ ገዛ ቤቱ በአዲስ አበባ በኩል ዙረህ ግባ እንደ ማለት ነው። ለእርሱ ዛፉ ከራሱ ወረዳ ቢጀምርለት ይበቃዋል። ከላይም ሙሉ መንገዱ በአንድ መስመር ተጽፎ ቢታየው የት እንዳለ አይጠፋውም። ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ስፍራ ደግሞ ዛፉን ሁሉ በአንድ ጊዜ አውርዶ ማምጣት ገጹን ያንቀዋል፤ የተነካውን ቅርንጫፍ ብቻ ማምጣት ይሻላል።

ስም አጻጻፍም ትልቅ ነገር ነው። ያው ስፍራ በአማርኛ፥ በኦሮምኛ በቁቤና በእንግሊዝኛ ሲጻፍ፥ በእንግሊዝኛውም በአንዱ ዘንድ እንዲህ፥ በሌላው ዘንድ እንዲያ ሲሆን፥ ኮምፒዩተር አንዱን ስፍራ ሦስት አድርጎ ይቈጥረዋል። በአማርኛም ቢሆን ሀ፥ ሐና ኀ፥ ሰና ሠ፥ አና ዐ ለዦሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ናቸው። ስለዚህ ለአንድ አንጓ አንድ ቍጥር፥ ስሞቹ ግን በየቋንቋውና በየአጻጻፉ ሁሉ ከሥሩ ተመዝግበው በየትኛውም ቢፈለግ እንዲገኝ ማድረግ ይገባል። አንዱን ስም ትክክል፥ ሌላውን ስሕተት ብሎ መሰረዝ ለመዝገብ አይጠቅምም፤ ዝዋይ ብሎ የሚፈልግ ሽማግሌና ባቱ ብሎ የሚፈልግ ወጣት ከአንድ ገጽ ይድረሱ።

ደግሞ ሁሉን ነገር በዛፍ ካላሰርን ብሎ መድከም አይገባም። ከአንድ አባት በላይ ያለው ነገር በዓለም ብዙ ነው። የሰው ሐረግ ራሱ እናቱን የጨመርንበት እንደ ሆነ ዛፍ መሆኑ ይቀራል። ሆስፒታልም በአስተዳደር ከአንድ ዞን ሥር ይጻፍ እንጂ፥ በሽተኛ የዞን ወሰን አይቶ አይታመምም፤ በዋና መንገድ ላይ ወዳለ ሆስፒታል ከሌላ ዞንም ከሌላ ክልልም ይመጣል። ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የተባለው የቤት አሠራር ሊቅ በ1965 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ከተማ ዛፍ አይደለም ብሎ የጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛም አባቶች ይህን ያውቁ ነበር። አራቱ ወንጌላውያን የተባበሩበትንና የተለያዩበትን ለማሳየት አውሳብዮስ የሠራው ሠንጠረዥ ዐሥር ክፍል አለው፤ በመጀመሪያው አራቱም የሚገናኙበት፥ በመጨረሻው እያንዳንዱ ብቻውን የተናገረው ይገኛል። ይህ ዛፍ አይደለም፥ ግንኙነት ነው፤ ኮድ የተባለው ሊቅ ከጻፈው ሐሳብ ጋራ ይቀራረባል። በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት እጅግ ጥንታውያን ወንጌሎች ይህን ሠንጠረዥ በዓምድና በቀስት አስጊጠው ይዘውት ይገኛሉ። ስለዚህ ሶፍትዌር የሚያሠራ ሹም፥ ዛፉ ለአስተዳደሩ ድልድል ይሁን፤ ስለ በሽተኛው መምጫ፥ ስለ ገበያውና ስለ ውኃው ግን ሌላ ሠንጠረዥ ይዘጋጅ ብሎ ማዘዝ ይገባዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። አንዳንዶች፥ ሕግ የሆነው የዛሬው ድልድል ነው፤ አሮጌውን ዛፍ በኮምፒዩተር ማኖር የወሰን ክርክር ይቀሰቅሳል ይላሉ። ፍርሃታቸው ከከንቱ የመጣ አይደለም፤ በወሰን ምክንያት በአገራችን ደም ፈስሷል። ነገር ግን አሮጌው ድልድል በታተሙት የቈጠራ መጻሕፍትና በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ተጽፎ ስላለ፥ ከኮምፒዩተር ቢፋቅ የሚጠፋው ከሰው ልብ አይደለም፤ የሚጠፋው ከሐኪሙና ከመምህሩ እጅ ነው። ተከራካሪው አሮጌውን መጽሐፍ ፈልጎ ያገኘዋል፤ የኩፍኝ ወረርሽኝ ከዐሥር ዓመት በፊት በየትኞቹ ቀበሌዎች እንደ ነበረ ለማወቅ የሚሻው ሐኪም ግን ጊዜ የለውም። ሌሎችም ገንዘብ የለንም ይላሉ። ለዚህ የሚበቃ መልስ፥ ያለፈውን ሪፖርት በየድልድሉ እንደገና ለማስተካከል ስንት ሠራተኛ ስንት ወር እንደሚፈጅ ራሳቸው እንዲያሰሉት መጠየቅ ነው።

ዛሬ ወዲያውኑ ሊደረግ የሚችለው ግን ሶፍትዌሩ እስኪታረም የማይጠብቅ ነው። ወረዳ ወይም ዞን የሚከፍል ወይም የሚያዋሕድ ማናቸውም ውሳኔ በሚወጣበት ጊዜ፥ ከውሳኔው ጋራ አንድ ሠንጠረዥ ተያይዞ ይውጣ፤ በእርሱም ላይ የእያንዳንዱ ቀበሌ የማይለወጥ ቍጥር፥ የቀድሞ አባቱ፥ አዲሱ አባቱ፥ ዝውውሩ የሚጸናበት ቀን፥ ከቀበሌውም ከፊሉ ብቻ የተዛወረ እንደ ሆነ ያው ይጻፍ። ሠንጠረዡም ለስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፥ ለጤና፥ ለትምህርት፥ ለገንዘብና ለገቢ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቀን ይድረሳቸው፤ አንዱ መሥሪያ ቤት በመስከረም፥ ሌላው በጥር፥ ሦስተኛውም በሚቀጥለው ዓመት ዛፉን እንዳይለውጥ። የሚጸናበትም ቀን የበጀት ዓመቱ የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ቢሆን፥ የአንድ ዓመት ሪፖርት በሁለት ዛፍ ላይ ከመከፈል ይድናል።